ድምፅ የሚዋሰው ጭራቅ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ፣ ቤቴል ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ከጓደኞቿ ጋር ወረቀትና ዳይስ ዘርግታ ስትጫወት ቆየችና ወደ ጓዳ መጣች። «እማዬ፣ ጭራቆቼ ሁሉ ቶሎ ቶሎ ይሞቱብኛል። አስማታቸውን እንዴት ባደርገው ይሻላል?» አለችኝ። ይህን ጨዋታ በልጅነቴ እንደተጫወትኩት ነግሬያታለሁ። ለምን እንደተውኩት ግን አልነገርኳትም።

ያኔ የምንኖረው ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ገባ ብሎ ነበር። አሥራ አራት ዓመቴ ነው። አጎቴ ያመጣልኝን ሽፋን የሌለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ ክረምቱን ሙሉ ሳሎናችንን የጭራቅ አገር አደረግኩት። ጨዋታው በወሬ ነው። አንዱ ዳኛ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፣ ጭራቆቹንም እሱ ያዋጋል። ሌሎቹ ጀግና ሆነው የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን የሚወረወረው ዳይስ ላይ የሚወጣው ቁጥር ይወስናል። ዳኛዋ እኔ ነበርኩ። ጀግኖቹ ታናሽ ወንድሜ ናቲና የአጥር ጎረቤታችን ሳሙኤል ነበሩ።

ሳሙኤል ያመጣሁትን ጭራቅ ሁሉ በሁለት ምት ይጥልብኝ ነበር። እልህ ያዘኝ። ለካ ጭራቆቼ እሳት ከመትፋት ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም። ቁጭ ብዬ አሰብኩበት፤ መጀመሪያ በአስማት ጉም ማልበስ፣ በጉሙ ውስጥ ጀግኖቹን መነጣጠል፣ ከዚያ ብርቱውን ለብቻው ጠርቶ ጉድጓድ ውስጥ መክተት። ለመጥሪያው ደግሞ የሰው ድምፅ የሚዋስ ጭራቅ ፈጠርኩ። ሳሙኤል «እንዲህማ ከሆነ ማን ያመልጠዋል?» ብሎ ስለተከራከረኝ ሕግ አበጀንለት፤ ጭራቁ መዋስ የሚችለው የሞተ ሰው ድምፅ ብቻ ነው። በደብተሬ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

በነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ እናቴ ጓዳ ጠርታኝ በሩን ዘጋች። ዓይኗ ቀልቷል። የሳሙኤል አባት ጋሽ ታደሰ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ አፋር መንገድ ላይ መኪናቸው ተገልብጦ ሞተዋል። የዕድሩ ሽማግሌዎች መርዶውን ነገ ንጋት ላይ ሊነግሩ ተስማምተዋል። ባለቤታቸው እትዬ አበበች ልባቸውን ያማቸዋል፤ ዛሬን እህል ቀምሰው ይደሩ፣ ነገ ሰው ተሰብስቦ ደግፎ ይይዛቸዋል ተብሎ ነው።

«ሳሚን እዚሁ አቆዪው። ፊትሽ ላይ ምንም እንዳያይ» አለችኝና ትኩስ የበቆሎ ጥብስ አሸከመችኝ።

ተጫወትን። ደብተሬ ላይ እንዳቀረቀርኩ ጉሙን አለበስኩ፣ ናቲን ነጥዬ አራቅኩት፣ ሳሙኤል ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ቀረ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁንም የማፍረው በዚያ ደስታ ነው። መጥሪያው ሲደርስ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲጉላላ የቆየው ነገር ከአፌ ወጣ።

«ከጉድጓዱ ውስጥ የአባትህ ድምፅ ይሰማሃል። ‹ሳሚዬ፣ ና› ይልሃል።»

ሳቀ። «ተሳሳትሽ። የሞተ ሰው ድምፅ ብቻ ነው ብለሽ የለ?»

ሕጉን ቀይሬዋለሁ ማለት ነበረብኝ። ሕግ መቀየር ልማዳችን ነው፤ ትንሽ ተጨቃጭቀን እንቀጥል ነበር። ግን ዓይኔን ከደብተሬ አላነሳሁም። ሳሙኤል የያዘውን በቆሎ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ሶስና፣ እስቲ ቀና በይ» አለኝ።

ቀና ስል እንባዬ ቀደመኝ።

በዝናቡ ሮጦ ሄደ። ከአጥሩ ማዶ «እማ፣ አባዬ ሞቷል እንዴ?» ሲል ሰማሁት፤ ከዚያ የእትዬ አበበችን ጩኸት። እናቴ ነጠላ እንኳ ሳትደርብ ብትሮጥም፣ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ወድቀው፣ ግንባራቸው ተፈንክቶ ነው ያገኘቻቸው። ከተኙበት የተነሱት ከአርባው በኋላ ነው። እኔን ማንም አልተቆጣኝም። ሁሉም «ልጅ ናት» ብሎ አለፈኝ። ሳሙኤል ግን ዳግም ደጃችንን አልረገጠም።

አምና አንድ ሰርግ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡን። ጠጉሩ ሸብቷል። ይቅርታ ልለው ስጀምር አቋረጠኝ።

«መናገርሽን አይደለም የማስበው። ለምን አልዋሸሽኝም? ያቺን አንድ ማታ እንኳን አባት አለኝ ብዬ ባድር ምን ነበረበት?» አለኝ።

ልጄን ጉሙንና መነጣጠሉን አስተማርኳት። እየሮጠች ተመለሰች፤ እኔም ጓዳ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ክረምቱን ሙሉ ለጭራቆች ስንት ዓይነት ማታለያ ሳበጅ ከርሜ፣ ለሰው የምትሆን አንዲት ውሸት ባስፈለገችኝ ሰዓት አጣሁ።