ጫፉ የተቋጠረ ደንገል

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር በግብርና መሥሪያ ቤት ስቀጠር የትምህርት ቤት ቀለም ገና ከጣቴ አልለቀቀም ነበር። አፌ ግን አይጣል ነው! የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም። ግንቦት ላይ አለቃዬ ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ ያለውን የሐይቁን ዳር ለክቼ እንድመጣ ላኩኝ። የአካባቢው የገበሬ ማኅበር ከክረምት በኋላ ሽምብራ እንዲዘራበት ታስቧል። ሄጄ ሳየው ውኃው ሸሽቷል፣ ጭቃው ተሰነጣጥቋል፣ ደንገሉም ግማሹ ቆሞ ደርቋል። እዚህም እዚያም የደንገሉ ጫፍ ተጠማዝዞ ተቋጥሯል። ሰው የተወው ነገር መቼም እንዲህ ይተበተባል አልሁና ችካሌን ተከልሁ። ቢሮ ገብቼም “ማንም የማይጠቀምበት ጠፍ መሬት” ብዬ ፈረምሁ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ፊቴን ያቃጥለኛል።

ሐምሌ ላይ ችካሎቹን ለማየት ብመለስ መሬቱ የለም፤ ዓይን እስከሚያይ ድረስ ውኃ ነው። ዳር ላይ አንድ ሽማግሌ ደንገል እያሰሩ ታንኳ ይሠራሉ። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው እጃቸው ቀጥ አለ።

“ይህን ልታርሱት ነው? እኔና ልጆቼ እኮ የምንኖረው በዚህ ነው።”

“አባባ፣ ማንም አይጠቀምበትም እኮ” አልኋቸው። ድፍረቴን እዩልኝ!

አልተቆጡም። “ነይ ተቀመጪ” ብለው ዳር ያቆሙትን ሌላውን ታንኳቸውን ወደ ውኃው ገፉ።

ውስጡ ሌላ አገር ነው። ደንገሉ ከራሳችን በላይ ለምልሞ ቆሟል፤ የከተማው ድምፅ ሁሉ ውጭ ቀረ። ከሥር አምባዛው እየተገለባበጠ ውኃውን ያምሰዋል። “እንቁላሉን የሚጥለው እዚህ ነው። ይህ ከታረሰ ሐይቁ ዓሣ ከየት ያመጣል?” አሉኝ። አናታቸው ላይ ወርቅማ ጉንጉን ያላቸው ረጃጅም ወፎች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ እንዲያው በኩራት፣ ቆመው ያዩናል። እንዴት ያምራሉ! ከዚያ ጫፉ ወደተቋጠረ ደንገል አስጠጉኝ። ከሥሩ ጎጆ አለ፤ ጎጆው ውስጥ እንቁላል።

“የቋጠርሁት እኔ ነኝ” አሉ። “ወፍ የለመደው ቦታ ነው፣ አትጨዱ ማለት ነው። ደንገል የሚያጭድ ሁሉ ቋጠሮ ካየ አልፎ ይሄዳል። አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርግ።”

እኔ ጉዴ ፈላ! የተተወ ያልሁት ከሁሉ ይልቅ የተጠበቀው ኖሯል። ስንት ዓመት ፊደል ስቆጥር እኚህን ሰው የሚያህል መምህር አልገጠመኝም።

በማግስቱ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ያን ጊዜ በዕቅድ ላይ እምቢ ያለ ሰው ምን ስም እንደሚለጠፍበት ሁለታችንም እናውቃለን።

“ጓድ፣ የጻፍሁት ስሕተት ነው። ፊርማዬን አንሥቻለሁ።”

“ማን ገፋፍቶሽ ነው?”

የሽማግሌው ፊት ድቅን አለብኝ። “ማንም። ራሴ አይቼ ነው።”

“እንግዲያው ሌላም የምታዪበት ቦታ እንፈልግልሻለን” አሉ።

በሳምንቱ እናቴን ጥዬ ከሐይቁ ማዶ ወደ ጎርጎራ ተዛወርሁ። ዕቅዱ ግን ፈራሚ አጥቶ መሳቢያ ውስጥ ቀረ፤ በኋላም ያነሣው አልነበረም። የሄድሁበት ጀልባ የደንገሉን ጠርዝ ይዞ ሲያልፍ ሽማግሌው ታንኳቸው ላይ ሆነው አዩኝ። ለምን እንደተዛወርሁ የነገራቸው የለም።

“ወዴት ነው?” ብለው ተጣሩ።

“ጎርጎራ! ሥራ ተዛውሬ ነው!”

“ምነው ልጄ፣ ባሕር ዳር አስጠላሽ?” ብለው ሳቁብኝ።

“አዎ አባባ፣ አስጠላኝ!” አልሁና፣ እንባዬን እንዳያዩብኝ ፊቴን ወደ ማዶ አዞርሁ።