በነፋስ ቀን ከኩሬው ያወጣሁት

እኔ የዝዋይ ልጅ ነኝ፤ ውኃ ካየሁ እጄን ይበላኛል። ሐርጌሳ በግንበኝነት ስሠራ፣ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሥቶ ወታደሮች ቤት ለቤት እየፈተሹ መሣሪያ በሚቀሙበት ሰሞን፣ ሼክ ኑር ከሚባለው ሰፈር ወዲያ ዝናብ የሞላው ትልቅ ኩሬ አገኘሁ። ለአገሬ ልጆች «የጾም ዓሣ አበላችኋለሁ!» ብዬ ፎክሬ መንጠቆዬን ይዤ ወረድኩ።

ነፋሱ ግን አያድርስ ነው! የወረወርኩት መንጠቆ እየተመለሰ አንዴ ኮፍያዬን፣ አንዴ የገዛ ጆሮዬን ይይዛል። ዳር ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ዓይናቸውን ከእኔ አይነቅሉም። ጅግጅጋ በስደት ኖረው ስለነበር አማርኛ ይችላሉ። ተመልካች በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ሙያዬን ሳስተምራቸው ዋልኩ።

«አባባ፣ እኛ አገር ትንሽ ዓሣ ከተያዘ፣ እንዲያድግ ተብሎ ወደ ውኃው ይመለሳል።»

«ማሻአላህ» አሉ።

ሊመሽ ሲል መንጠቆዬ ከበደኝ። እየጮህኩ ጎትቼ ባወጣው፣ በላስቲክና በገመድ የተጠቀለለ፣ ቅባት የጠገበ ክላሽ!

ሽማግሌው ግራ ቀኙን አይተው ቀስ ብለው ተጠጉኝ።

«ልጄ፣ ይሄም ገና ትንሽ ነው» አሉኝ፤ «መልሰው።»