ኻሚስና የገንዲ ካርታዎቹ

ልብስ ሰፊው ኻሚስ በዕድሜው አንድም በሬ ኖሮት አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ አሶሳ ውስጥ ስለ እሱ ሲወራ የኖረው ሁሉ ዞሮ ዞሮ በሬ ላይ ስለሚያርፍ ነው። እኔ ዱጋሳ እባላለሁ፤ የባምባሲ ልጅ ነኝ። ከእሱ የስፌት መኪና አጠገብ፣ በአንድ በረንዳ ላይ፣ ሬዲዮ ስጠግን ነው የኖርኩት። ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትን ነው። ወሬ የሚፈልግ ገበያ ይውረድ፣ እዚያ ሞልቷል።

ኻሚስ በርታ ነው፣ የመንጌ ሰው። ልጅ ሳለ ከእናቱ ጋር ወንዝ ወርዶ ወርቅ ያጥብ ነበር። እናቱ ያስተማረችው ትልቁ ነገር፣ ወርቅ በመጨመር እንደማይገኝ ነው። ገበቴውን ታዞራለህ፤ ጠጠሩን ትደፋለህ፣ አሸዋውን ትደፋለህ፣ ጭቃውን ታጥባለህ፤ መጨረሻ ላይ የቀረችው ቅንጣት ያንተ ናት። ልብስ ስፌቱንም በዚሁ ጠባይ ነው የያዘው። የሚጠብ ኮት ስታመጣለት ደስ ይለዋል፤ የሚሰፋ ስታመጣለት ግን ፊቱን ያጨፈግጋል። መቀነስ የሚችል ሰው ነበር። መጨመር አልሆነለትም።

ክልል በሆንን ሰሞን ሥራው እጁን ሞልቶት ነበር። አዲስ ቢሮ በተከፈተ ቁጥር መጋረጃ ይሰፋል፣ ባንዲራ ይሰፋል፣ የጠረጴዛ ልብስ ይሰፋል። ከተማዋ በአንድ ጊዜ ኃላፊ በኃላፊ ሆነች። ከቢሮዎቹ ጋር ግን ሌላ ወሬም አብሮ ገባ፤ የቤቱ ባለቤት ማን ነው፣ እንግዳውስ ማን ነው የሚባል። ትናንት ከአንድ ትሪ የበሉ ሰዎች ዛሬ ነባርና መጤ ይባባሉ ጀመር። እኔ ሁለቱንም ቃላት አልወዳቸውም። እኛ በረንዳ ላይም ያኔ የሚያስታውሳቸው አልነበረም፤ ምክንያቱም ካርታ ነበረን።

ካርታውን ያመጣው ቦዔዝ ነው፤ የነጆ ልጅ፣ ለስደተኞች ካምፕ የሚሠራ ሾፌር። የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር የመጣ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ሙሉ ሳጥን ካርታ ትቶለት ሄደ። መጀመሪያ እንደ ኮንከር የምንጫወተው መስሎን ነበር። አይደለም። አብዛኞቹ ካርታዎች ላይ አውሬ ተስሏል፣ የጉልበቱ ልክ በቁጥር ተጽፏል፤ ጥቂቶቹ ደግሞ አውሬ የሚያደክሙ ናቸው። ተጫዋቹ ከሌላው ጋር እየተለዋወጠ የራሱን ክምር ያዘጋጃል፤ ከዚያ አውሬህን ታወጣለህ፣ ባላጋራህም ያወጣል፤ ጉልበቱ ያነሰው ይሞታል። ቦዔዝ ሕጉን እያነበበ ነገረን። ማንበብ ያቃተውን ከራሱ ሳይጨምርበት አልቀረም፤ እስከ ዛሬ ያልገባኝ ሕግ አለ።

ሳጥኑ ለሁላችንም አልበቃም። በኩርሙክ በኩል ከሱዳን የሚገባውን የብስኩት ካርቶን እየቆረጥን የራሳችንን ሠራን፤ ሠዓሊው እኔ ነበርኩ። እሳት የሚተፋውን የፈረንጅ ዘንዶ አሰናብተን ጎሽ፣ ጅብ፣ ነብርና አዞ አስገባን።

አራተኛው ተጫዋች ፈንታ ነው። በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቶ የሰፈረ ገበሬ፣ ጠይም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። በገበያ ቀን እህሉን ሸጦ፣ አህያውን ከበረንዳው ምሰሶ አስሮ ከእኛ ጋር ይውላል። ከኻሚስ ጋር የተለየ ፍቅር ነበራቸው። ኻሚስ ለፈንታ ልጆች ልብስ ሲሰፋ የእጁን ዋጋ አይቆጥርበትም፤ ፈንታም ማር ሳይዝ አይመጣም። የፈንታ ክምር በሬ ብቻ ነው። አንበሳ ስጠው፣ አይፈልግም። ከበሬዎቹም አንደኛው ቦራ ነበር፤ በቤቱ ያለውን፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን በሬውን አስመስዬ እንድስልለት አስገድዶኝ። ቀንዱ አልመጣም እያለ ደጋግሞ አስጠፋኝ። በመጨረሻ ጉልበቱን ዘጠኝ አድርገህ ጻፍ አለኝ።

ቦዔዝ ከስምንት የሚበልጥ አውሬ የለም ብሎ ተቆጣ።

«ኧረ ተው አያ ቦዔዝ፤ ቦራን ሲያርስ አይተኸው ታውቃለህ?» አለው ፈንታ። ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ።

ሁላችንም ትልልቁን አውሬ ስንለቅም ኻሚስ የራሱን እየሰጠ ነበር። አንበሳውን ለቦዔዝ ሰጥቶ ማንም የማይፈልጋቸውን የጥማት ካርታዎች ወሰደ። ጎሹን ለእኔ ሰጥቶ እሾህና መዥገር ወሰደ። ለየለት አልን። አንድ ቀን ደግሞ ካርቶን ቆርጦ አመጣና «ገንዲ ጻፍልኝ፣ ብዙ» አለኝ። ገንዲን በእኛ ቆላ ከብት ያረባ ሁሉ ያውቀዋል። ዝንብ የሚያመጣው በሽታ ነው፤ በሬውን ቶሎ አይገድለውም፣ ያመነምነዋል፤ እየበላ ይከሳል፣ በመጨረሻ ይተኛል። የኻሚስም ካርታ እንደዚሁ ነው። ባንተ አውሬ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ተራ በዞረ ቁጥር አንድ ጉልበት ይቀንሳል፤ በተቀነሰው ልክ የበቆሎ ፍሬ በካርታው ላይ ይደረደራል። የራሱ አውሬዎች ግን አይጥና ጉንዳን ናቸው። ያንተ አንበሳ እስኪመነምን አይጧ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ወጥታ ትበላዋለች።

ማንም አላሸነፈውም። ስትጫወተው ያበሽቃል፤ አውሬህ ሞቶ ቢገላግልህ በተሻለ፣ ዓይንህ እያየ ይሟሽሻል። ግን እውነቱን ልናገር፣ የሚያምር ሥራ ነበር። አንዱ ካርታ ሌላውን ይጠብቃል፤ ትርፍ የሚባል የለውም። እሱ እንደሚሰፋው ኮት ነበር።

አንድ ብቻ ጎደለው ብዬ ነግሬው ነበር። «ኻሚስ፣ አሞሌ ጨው የሚባል ካርታ ልሥራልህና ጨምር፤ የደከመውን የሚያበረታ።»

ሳቀብኝ። አማርኛ ሲናገር «እኔ» ብሎ ጀምሮ እንደ «እሱ» ነው የሚጨርሰው። «ዱጋሳ፣ እኔ የሰው በሬ ለምን ያጠነክራል? ወላሂ ያ ሞኝ ነው» አለ።

ነገሩ የመጣው ግንቦት ላይ፣ ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም ነው። ፈንታ ቦራን አወጣ። ኻሚስ ገንዲ ይዞ እጁን ሲዘረጋ፣ ፈንታ ካርታውን በመዳፉ ሸፈነው።

«ይህን ሌላው ላይ ጣለው። ቦራን ተውልኝ» አለ። «በቁሙ ያለ በሬ ነው። እኛ ጋ በቁሙ ላለ ከብት በሽታ አይጠሩበትም።»

«ካርቶን እኮ ነው፣ ፈንታ» አለ ኻሚስ እየሳቀ። የፈንታን ጣት በቀስታ አንስቶ ገንዲውን አስቀመጠ። በላዩ ሌላ ገንዲ ጨመረ። የበቆሎ ፍሬው ነጩን ግንባር እስኪሸፍን ተደረደረና ጉንዳኗ ወጥታ ቦራን በላችው። ሁላችን ሳቅን፤ ፈንታም ዘግይቶ ሳቀ። አህያውን ፈትቶ ሲሄድ ግን እንደ ወትሮው ደህና ዋሉ አላለም።

ብዙም ሳይቆይ እውነተኛው ቦራ ታመመ። ጠጉሩ ቆመ፣ ጎኑ ተቆጠረ። መርፌ አስወጋው፣ አልሆነም። ዝናቡ እንደያዘ፣ ሰው ሁሉ ሞፈሩን ሲያነሳ፣ በሬው ተኛና አልተነሳም።

በዚያ ዓመት ገንዲ የስንቱን በረት ባዶ አስቀርቷል። ግን ያንን ማን ይሰማል። «በርታው የሰፋሪውን በሬ በካርታ ደገመበት» ተባለ። ወሬው ከገበያ ተነስቶ ሻይ ቤት ገባ፣ ከሻይ ቤት ቢሮ ገባ። ሲመለስ ጥርስ አብቅሎ ነበር።

በእኛ አገር በሬ የሞተበት ሰው ቤት ይኬዳል። በርታም ሁን፣ ኦሮሞም ሁን፣ ወሎዬም ሁን፣ ይኬዳል። ድግስ የለው፣ ልቅሶ የለው፤ ትቀመጣለህ፣ እግዜር ይተካ፣ አላህ ይተካ ትላለህ፣ ትነሳለህ። እኔና ቦዔዝ ሄድን። ፈንታ ከደጁ ተቀምጧል፤ የቦራ ጓድ የነበረው ዳልቻ በሬ ብቻውን ታስሮ ያገሳል። ይተካ አልነው፤ አሜን አለን። ዓይኑ ግን ከእኛ አልፎ መንገዱን ያያል። አጠገቡ ባዶ በርጩማ ነበረች።

«ኻሚስስ?» አለ።

ቦዔዝ «ሥራ በዝቶበት ነው፣ ይመጣል» አለው። ፈንታ እሺ ብቻ አለ።

ተመልሼ ኻሚስን «ተነስ፣ ሂድ» አልኩት። መኪናውን ከመርገጥ አላቆመም።

«እኔ ከሄደ፣ ሰው ‹የገደለውን ሊያይ መጣ› ይላል። ካልሄደ፣ ኻላስ፣ ወሬው ራሱ ይሞታል» አለ።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ወርቅ አጣቢው ኻሚስ ይህን ተረት ከልቡ አምኖ ተቀመጠ።

በማግስቱ ስመጣ የከሰል ካውያው ክዳኑ ተከፍቶ አገኘሁት። ክምሩን ከጎኑ አስቀምጦ ካርታዎቹን አንድ በአንድ ፍሙ ውስጥ ይከታል፤ ገንዲውን፣ ጥማቱን፣ መዥገሩን፣ ጉንዳኗንም ሳይቀር። ክዳኑን ዘግቶ በዚያው የአንድ ኃላፊ ሱሪ ይተኩሳል። ጭሱ በካውያው ቀዳዳ ይወጣል። እብድ ነህ ወይ ብዬ ጮህኩበት። እንዲያ ያለ ሥራ ዳግመኛ አይገኝም። እሱ ግን «አለቀ» ብቻ አለ፤ ፊቱም ዕዳውን የከፈለ ሰው ፊት ነበር። ያናደደኝ ይህ ነው። ካርታ አቃጥል ያለው ሰው አልነበረም። የተጠየቀው ግማሽ ቀን መንገድና አንድ ቃል ነበር።

ፈንታም በበኩሉ የራሱን ትርጉም ሰጠው። ኻሚስ ዛሬ ባለ ክልል ነው፣ የኃላፊ ሱሪ ሰፊ ነው፣ የሰፋሪ ደጅ ምን ሊሠራ ይረግጣል ብሎ። ይህን ኋላ ነው የሰማነው። በዚያ ክረምት ዳልቻን ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ አረሰ። ገበያ ሲመጣ በሌላ መንገድ ይዞር ጀመር፤ አህያውን ከሩቅ እናያታለን። ኻሚስ ቀና ብሎ ያያታል፣ ከዚያ መርፌው ውስጥ ክር ያስገባል። ቦዔዝ ወደ ግልገል በለስ ተዛወረ። የመጫወቻችን ጠረጴዛ ላይ የተበላሸ ሬዲዮ ደረደርኩበት። ሁለት ጎልማሶች እንደ ልጅ ተኮራርፈው ዓመታት አለፉ፤ ሽማግሌ ልላክ ስል «ምን ተጣላንና» ይሉኛል፣ ሁለቱም።

ፈንታ መኸሩን አስገብቶ ሳይጨርስ ወባ ገደለው። መርዶውን ለኻሚስ የነገርኩት እኔ ነኝ። መቀሱን አስቀምጦ ተነሳና ጫማውን መፈለግ ጀመረ፤ ጫማው እግሩ ላይ ነበር።

በመንገድ ላይ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልለው አስቤ ፊቱን ሳይ ተውኩት። ዳሱ ሞልቷል። የፈንታ ሚስት ውድነሽ ኩታዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ኻሚስ በሰዉ መካከል አልፎ ሄዶ ፊቷ ተንበረከከ።

«ውድነሽ» አለ፣ «ለቦራ አላህ ይተካ።»

 በዳሱ ጉርምርምታ ተነሳ፤ ባል ሞቶ ስለ በሬ ይወራል ወይ ብለው። አንድ ሽማግሌ አውጡት ሊሉ እጃቸውን አነሱ። ውድነሽ ግን ቀና ብላ አየችው።

«ለቦራ ነው ያልከው፣ አያ ኻሚስ?»

«ለቦራ። ያን ጊዜ እኔ አልመጣም። የሰው ወሬ ፈራ» አለ። ለፈንታ የሚለው ቃል አልወጣለትም።

«ያንን ካርታማ ማን አመነው» አለች፤ ድምፅዋ በለቅሶ ሰልሏል። «ገንዲ በዚያ ክረምት የኛን ብቻ ነው የፈጀው? ሰዉ ሁሉ ይተካ ብሎት ሲያበቃ፣ ያቺን በርጩማ ላስገባ ስል አትንኪያት አለኝ። አንድ ሰው ይቀራል አለኝ። ዝናብ ወረደባት፣ አትንኪያት አለኝ። ዓመቱ ዞረ፣ ተሰነጠቀች። ኋላ እሱ በሌለበት አነደድኳት። ሲመለስ ቦታዋን አየ፤ ምንም አላለኝም።»

ኻሚስ ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ለማን እንዳለቀስኩ አላውቅም፤ ለሞተው ነው ልበል፣ ለቆመው ነው ልበል።

አሁን ኻሚስ ዓይኑ ደክሟል፤ ክር የማስገባለት እኔ ነኝ። ካርታ በእጁ አልነካም። ነገር ግን ከብት ሞተ ከተባለ መኪናውን ሸፍኖ ይነሳል። ላም ይሁን፣ ፍየል ይሁን፣ የነባር ይሁን፣ የሰፋሪ ይሁን፣ አይጠይቅም። የሰፈር ጎረምሶች ዶሮ የሞተ ዕለት ኻሚስን ጥሩ እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ አይቆጣም።

በቀደም ከአሶሳ ራቅ ባለ የሰፋሪዎች መንደር የአንድ ሰው አህያ ሞተች ሲባል ሰምቶ፣ ደግፈኝ ብሎኝ አብሬው ሄድኩ። ላባችን ጠብ እያለ ደረስን። ባለቤቱ ወጣት ነው፤ ገርሞት አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያል። ኻሚስ ቁጭ አለና አላህ ይተካ አለው። ልጁ አሜን አለ፤ ግን ማወቅ ፈለገ።

«አባቴ፣ ማን ልበል? እኛን ያውቁናል?»

«አላውቅም» አለ ኻሚስ። «እኔ የፈንታ ጓደኛ ነው።»