ድምጽ ማጉያው የተዘጋ ዕለት

ልጄ ዩኒቨርሲቲ በገባች በሁለተኛው ዓመት ጎህ ሲቀድ እየተነሳች፣ እግሯን አጣጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ወለል ላይ መቀመጥ ጀመረች። የተማረችው ከስልኳ ነው። ምን እያደረገች እንደሆነ ስጠይቃት «ኢነርጂዬን እያስተካከልኩ» አለችኝ። በስመ አብ! «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» አሉ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዘማሪት የነበረችው ልጅ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጭራሽ ተወች። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ የማጣት መሰለኝና ፈራሁ።

የሄደችው እሷ ብቻ አልነበረችም፤ ሰበካ ጉባኤያችንም ነገሩ አስጨንቆት መላ ዘየደ። ዲላ ውስጥ ቤተ እምነቶች በድምጽ ማጉያ ይፎካከራሉ፤ የእኛ ሲጀምር የፕሮቴስታንቶቹ ይመልሳል። የጉባኤው ሽማግሌዎች «ወጣቱ የኮበለለው ድምጻችን ስላልደረሰው ነው» ብለው ሰፈሩን የሚያናውጥ አዲስ ማጉያ አስመጡ።

የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ ቤት ሲመጡ «አባ፣ ይቺን ልጅ ይገሥጹልኝ» አልኳቸው። እሳቸው ግን በርጩማ ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እዚያ ምን አገኘሽ?»

«ጸጥታ፣ አባ። እኛ ጋ ማይክ አይዘጋም። ልጸልይ ብል እንኳ የራሴን ድምጽ አልሰማም።»

ደሜ ፈልቶ ልወርድባት ስነሳ በእጃቸው ምልክት አስቀመጡኝ። «እውነቷን ነው» አሉ። «አርምሞ የአባቶቻችን ነው። እኛው ነን የቀበርነው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ ፊት ቆመው፣ ዓርብ ዓርብ አመሻሽ ላይ ማጉያው ተዘግቶ ወጣቶች በአርምሞ ይጸልዩ አሉ። አንድ ሽማግሌ «ጎረቤት እየሰበከ እኛ ዝም እንበል?» ብለው ተቆጡ። ከሴቶቹ በኩል ተነሳሁ። «አባቴ፣ ልጄ የሄደችው ሳትሰማችሁ ቀርታ አይደለም፤ ስትሰማችሁ ሰልችቷት ነው!» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሽማግሌውም ሳቁ። ተፈቀደ።

ዓርብ ልጄ «ለአባ ስል ነው» ብላ ጓደኞቿን አስከትላ መጣች። ከጎረቤት ከተማ ከወናጎ በሚኒባስ የመጡ ተማሪዎችም ነበሩ፤ ግቢው ጢም አለ። አባ አንዴ «እግዚኦ መሐረነ» ብለው ዝም አሉ፤ ሁላችንም ዝም አልን። ዝናቡ አባርቶ ነበርና ከግቢው ጽድ ዛፍ ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ ይሰማል። እንደዚያ ቀን ጸልዬ አላውቅም።

ጸሎቱ ሲያበቃ ማንም ሳያዛት ልጄ መዝሙር አነሳች። ያለ ማይክ፣ በገዛ ድምጿ። የቀሩት ተቀበሏት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ እልልታዬን ለቀቅሁት።

አባ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ግን ዝምታው አልሆነልሽም» አሉኝ።

«ልጄ ተመልሳ ማን ዝም ይላል፣ አባ!» አልኩና እልልታዬን ደገምኩት።