የእድሩ ሰሃኖች

እናትነሽ ወሬውን የሰማችው ባሮ ወንዝ ዳር ተቀምጣ የእድሩን የመጨረሻ ድስት በአሸዋ ስትፈትግ ነው። ያመጣችላት ጎረቤቷ ኛፑዎክ ናት። በሣር ገመድ ያንጠለጠለችውን ዓሣ ሳታስቀምጥ፣ እድሩ የብረት ሰሃኖቹን ሊሸጥ መወሰኑን ነገረቻት። ከእንግዲህ ለቀስተኛ የሚበላው አንዴ ተበልቶበት በሚጣል ፕላስቲክ ነው። ዕቃው ከጅማ በሚመጣ መኪና ታዟል።

እናትነሽ ድስቱን አለቅልቃ ደፋችው።

የእድሩን ዕቃ ስትጠብቅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሰሃኖቹ አንድ መቶ አርባ ናቸው፤ ከሌላ እድር ዕቃ እንዳይቀላቀሉ ባሏ ውቤ የእያንዳንዱን ቂጥ በሚስማር ቀጥቅጦ ትንሽ ኮከብ አውጥቶበታል። ውቤ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ሰሃን ባነሳች ቁጥር ጣቷ ሳታስበው ኮከቧን ይፈልጋል። ይህ ግን ስብሰባ ላይ የሚነገር ነገር አልነበረም።

የሚነገርም አላጣችም። ባለፈው ለቅሶ ለሙከራ ተብሎ በመጣው ፕላስቲክ ላይ ትኩስ ወጥ ሲጨለፍ ሰሃኑ ልፍስፍስ ብሎ ሽታው ከምግቡ ጋር ተቀላቅሏል። የተጣለውን ፕላስቲክ ነፋስ በየጓሮው በትኖት የኛፑዎክ ፍየል ሞታ ሆዷ ሲከፈት የተገኘው እሱው ነው።

እሑድ እድሩ በሚሰበሰብበት ማንጎ ስር ይህን ሁሉ ተናገረች። የእድሩ ዳኛ ረድዋን በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ከእሷ ጋር በአንድ መኪና የመጡ፣ እንደ ታላቅ ወንድም የምታያቸው ሰው ናቸው። ፕላስቲክ ወደው እንዳልሆነ አስረዷት። በየለቅሶው ሦስት ቀን ሙሉ ሰሃን ተሸክሞ ባሮ መውረድ ሴቶቹን አማርሯል፤ ሁለቱ ከነጭራሹ ከእድሩ ወጥተዋል። እናትነሽ ይህን መካድ አልቻለችም፤ የገዛ ወገቧ ምስክር ነው። ትንሽ አሰበችና፣

“እንግዲያው የበላ ይጠብ” አለች።

“ወንዱም?”

“ወንዱ አይበላም እንዴ፣ አያ ረድዋን?”

ለቀስተኛ ሰሃን አጥቦ ሲሄድ የት አገር እንደታየ ጠየቋት። እሷ አንድ ለቅሶ ብቻ እንዲሰጧት ለመነች፤ ካልተሳካ ሰሃኖቹን ራሷ ተሸክማ ገበያ ልታወርድ ቃል ገባች። ከጎኗ አንዷ፣ “ለአንቺ ፈተና ማን ይሙትልሽ?” ስትላት ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ አንዱ ለቅሶም ተፈቀደላት።

ዝናቡ ሲጀምር፣ አውሮፕላን ማረፊያውን ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡት ሽማግሌ ኮአንግ ሞቱ። ድንኳን ተተከለ። እናትነሽ ከድንኳኑ በር ሁለት ሰፋፊ የብረት ሳፋ አስቀመጠች፤ አንዱ ሳሙና ያለበት፣ አንዱ ማለቅለቂያ። አጠገባቸው የቀርከሃ ቆጥ አቁማ ጠበቀች።

ምሳ ተበላ። ወንዶቹ እንደልማዳቸው ሰሃናቸውን አግዳሚው ስር እየሸጎጡ ወደ ውጭ ማየት ያዙ። ረድዋንም ሸጎጡ።

ያኔ ከትየርኪዲ የመጡት የሟች ታላቅ ወንድም ዊዩዋል በምርኩዛቸው ተነሱ። ሰሃናቸውን ይዘው ወደ ሳፋው ሲያመሩ ረድዋን ሮጠው ደረሱባቸው።

“አባቴ፣ እርስዎ ሐዘንተኛ ነዎት፤ ለእኔ ይስጡኝ።”

ሽማግሌው አልለቀቁም።

“ወንድሜ ሞተ” አሉ ቀስ ብለው። “ከትናንት ጀምሮ እጄ ሥራ የለውም። ይህን ተውልኝ።”

አጠቡ፣ አለቀለቁ፣ ቆጡ ላይ ደፉ። ረድዋን ባዶ እጃቸውን ጥቂት ቆመው ተመለሱና የራሳቸውን ሰሃን ከአግዳሚው ስር ጎትተው አወጡ። ከዚያ በኋላ ሊያጥብ የተሰለፈው ሰው አጥር ደረሰ። መሃሉን ብቻ አሽቶ ሊሄድ የነበረውን አንዱን ጎረምሳ፣ “ሚስቱ አሳዘነችን” እያሉ ከኋላው ያሉት መለሱት።

በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ ከለቀስተኛው እኩል ተቀምጠው በሉ፤ እናትነሽ እንዲህ ያለ ለቅሶ አይታ አታውቅም። ሰሃኖቹ ሲቆጠሩ አንድ መቶ አርባ አንድ ሆኑ፤ አንዱ የገዛ ቤቱን ሰሃን ይዞ መጥቶ አጥቦ ትቶት ሄዷል። ረድዋን ጅማ ደውለው የታዘዘው እንዳይጫን አደረጉ። በወሩ የሁለት ሰፈር እድሮች ሳፋውንና ቆጡን ለማየት መጡ፤ እናትነሽም ምንም አዲስ ነገር እንዳይገዙ፣ ያላቸውን ከየጓዳው እንዲያወጡ መከረቻቸው።

ሰሃኖቹን ዕቃ ቤት ስትደረድር ኮከባቸውን ወደ ላይ አድርጋ ደፋቻቸው።

የቀረው ውሃው ነው። ለመጠጡም ለማጠቢያውም አሁንም የሚቀዳው በፕላስቲክ ጄሪካን ነው፤ እንስራ ተሸክሞ የባሮን ዳገት የሚወጣ የለም። ለዚህ እስካሁን መላ አልተገኘም።