አራት መቶ ጊዜ ራስ ደጀን

ጎንደር ፒያሳ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ የሚያማስል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ወሬ አለ፦ አስጎብኚው የሻው ራስ ደጀንን አራት መቶ ጊዜ ወጥቷል። ሁለት ፈረንጆችን፣ አንዱን በጀርባው አንዷን በብብቱ፣ ተሸክሞ ጫፍ አድርሷል። እላይ ካሉት ድንጋዮች በትልቁ ላይ ስሙ ተጽፏል። ብርድ የሚባል ነገር አያውቅም፤ በረዶ ሲጥል ጭራሽ ሸሚዙን ያወልቃል።

ሸጋ ወሬ ነው። ችግሩ፣ ትንሽ ሲነካኩት ይፈርሳል። ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ ራስ ደጀን ደርሶ መመለስ ሲያንስ ስምንት ቀን ይፈጃል። አራት መቶ በስምንት ሲባዛ ወደ ዘጠኝ ዓመት ይጠጋል። ታዲያ ሰውየው ሚስት አግብቶ ሦስት ልጅ የወለደው በየትኛው የዕረፍት ሰዓቱ ነው? የሸሚዙን ነገር ደግሞ ባለቤቱ እጅጋየሁ ስትሰማ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እሷ የምታውቀው የሻው እዚሁ ጎንደር ውስጥ ሁለት ጋቢ ደርቦ የሚተኛ ሰው ነው።

ጎንደር ውስጥ እውነቱን የሚያውቁት ባልና ሚስቱ ብቻ ናቸው። የሻው በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንግዳ ይዞ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ወደ ራስ ደጀን ሄዷል፤ ዐሥራ ዘጠኙንም ጊዜ ከጫፉ በታች ተመልሷል። ከእንግዶቹ አንዱን ከፍታው ራሱን ያዞረዋል ወይም ያስመልሰዋል። የታመመውን ይዞ የሚወርደው ደግሞ አስጎብኚው ነው። ጤነኞቹ መሣሪያ ከያዘው የፓርኩ ጠባቂ፣ ከስካውቱ ጋር ይወጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዚያ ወርደው ስለ ውበቱ ለእሱው ይተርኩለታል።

«ምነው ብቻህን ሄደህ አትወጣውም? ተገላገለው!» ትለዋለች እጅጋየሁ።

«ብቻዬን? ማንን ላስጎበኝ፣ ራሴን?»

ዘንድሮ ግን ጉልበቱ ደረጃ ላይ ሳይቀር ይንቋቋ ጀመር። ከጎንደር ወጣ ብሎ፣ ጠዳ፣ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ሥራ አግኝቷል፤ በሚቀጥለው ወር ይገባል። ያቺን ጫፍ ለመርገጥ የቀረችው አንዲት ጉዞ ናት። ፈረንጅ እንደ ድሮው መምጣት ስለተወ፣ የመጨረሻ እንግዳ ሆኖ የመጣለት የቅዳሜ ገበያው ጨርቅ ነጋዴ ዐብዱልከሪም ነው። ዕድሜው ሃምሳ ሁለት፣ ሆዱ የትም ቦታ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። ራስ ደጀን ላይ ቆሞ ፎቶ እንደሚነሳ ለገበያው ሁሉ ፎክሯል።

የሻው ያለ የሌለ ዕውቀቱን ዐብዱልከሪም ላይ አፈሰሰ። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን በጀርባው አሸክሞ የቁስቋምን አቀበት አስወጣው። «እያወሩ መሄድ ካቃተዎ ፈጥነዋል ማለት ነው፤ ዝግ ይበሉ» ብሎ መከረው። በዚህ በኩል ሥጋት አልነበረም፤ ዐብዱልከሪም ሳያወራ ተንፍሶ አያውቅም። ያስቸገረው ሰላምታው ነው። ከፒያሳ ቁስቋም ለአህያ አርባ ደቂቃ፣ ለዐብዱልከሪም ሦስት ሰዓት ነው፤ በየበሩ የሚያውቀው ሰው፣ በየማዕዘኑ ጤንነቱን የሚጠይቀው አማች አለ።

«ጫማውስ?» ይለዋል የሻው በየቀኑ። ለተራራ የሚሆን ጠንካራ ቦት ጫማ አብረው ገዝተው ነበር። «ከአሁኑ እግርዎ ካልለመደው ጉድ ይሠራናል።»

«እየለመድኩት ነው። ቤት ውስጥ ነው የማደርገው።»

ተነሱ። ሳንቃበር፣ ጨነቅ... ዐብዱልከሪም በአሮጌ ሸራ ጫማው እየተራመደ፣ በቅሎ ጫኚዎቹን ስለ ሐር ዋጋ እያስተማረ ሄደ። ራሱን አላዞረውም፤ አላስመለሰውም። የሻው ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይ ጺሙን እያሻሸ ይሄድ ነበር። የቧሂትን ተራራ ሲወርዱ ሸራ ጫማው አፉን ከፈተ።

«ምንም አይደል፤ ያኛው አለ» አለ ነጋዴው።

በማግስቱ ጠዋት፣ አምቢቆ መንደር ከሰፈሩበት፣ ከበቅሎዋ ጭነት ውስጥ አንድ ካርቶን አወጣ። በሲባጎ ታስሯል። ተፈታ። ወረቀቱ ተንኮሻኮሸ። ጫማው ያብለጨልጫል፤ የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተላጠም።

የሻው ራሱ ዞረበት። ከፍታው አልነበረም።

«ቤት ውስጥ እያደረግሁት ነው አላሉኝም?»

«እንዴ የሻው! አዲስ ጫማ ለቀኑ ይቀመጣል እንጂ የቁስቋም አቧራ ላይ ይጎተታል? ለዒድ የተገዛ ልብስ በዋዜማው ይለበሳል?»

«ራስ ደጀን ዒድ ነው?»

«ለእኔማ ነው።»

በመጀመሪያው ሰዓት ተረከዙ ቀላ። በሁለተኛው ውሃ ቋጠረ። በአራተኛው ዐብዱልከሪም ዝም አለ፤ ይሄኔ የሻው ነገሩ እንዳበቃለት ገባው። ጫፉ ወለል ብሎ ይታያል፤ ቢበዛ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ስማቸው የሚባለው የፓርኩ ስካውት ጠመንጃውን አንግቶ እንደ ዋልያ ዘሎ ወጥቶ፣ እላይ ቁጭ ብሎ ቆሎውን ይቆረጥማል።

«አያ የሻው! ምነው ቀራችሁ? ኑ እንጂ፣ እዚህ ፀሐይ ነው!»

ዐብዱልከሪም ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። «ወላሂ፣ ከዚህ ወዲያ አንድ እርምጃ አልሄድም። አንተ ወጥተህ ና፣ እጠብቅሃለሁ።»

የሻው ሽቅብ አየ። ቁልቁል አየ። ከገደሉ ሥር ጉሙ እየተግተለተለ ይመጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ሰው የገዛ እጁን አያይም። ስማቸው እስኪወርድ ቢጠብቅ ጫፉ በጉም ይዋጣል። አሁኑኑ ሮጦ ቢወጣ ደግሞ፣ ተረከዙ የተላጠ፣ መንገድ የማያውቅ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን ይቀራል። እንግዳ ጥሎ ሄዶ አያውቅም።

«አውልቅ!» አለ፤ እርስዎ ማለቱ ድንገት ጠፍቶበት። «አውልቅ ይሄን ሙሽራ!»

የራሱን ሸበጥ ከቦርሳው አውጥቶ አጠለቀለት፤ በክንዱ ደግፎም ይዞት ወረደ። ሃያኛው ጊዜ መሆኑ ነው። በመንገዱ ሁሉ ድንጋዩን ተቆጣ፣ በቅሎዋን ተቆጣ፣ ጫማን በካርቶን መሸጥ የጀመረውን ሰው ተቆጣ።

ጎንደር ሲገቡ ወሬው ቀድሟቸው ገብቷል። አራት መቶው አራት መቶ አንድ ሆኗል። ዐብዱልከሪምንም አዝሎ ጫፍ አድርሶታል። ባለጉዳዩ ራሱ ተረከዙን ቅባት እየቀባ «ትንፋሹ እንኳ አልተቆራረጠም!» ብሎ ጨመረበት።

ፒያሳ፣ ካፌው ውስጥ፣ የቆርቆሮ ነጋዴው ዐብደላ ወንበሩን ወደ የሻው ሳበ። «ቀጣዩ እኔ ነኝ። ልምምድ ምናምን የምትለውን ተወው፤ አንተ እያለህ እኔ ምን አደከመኝ? ታዝለኛለህ።»

ካፌው በሙሉ ሳቀ። የሻው ማኪያቶውን አስቀምጦ ተነሣ።

«ስሙኝ! አራት መቶ ጊዜ አልወጣሁም። አርባ ጊዜ አልወጣሁም። አንድ ጊዜ አልወጣሁም። ፈረንጅ አላዘልኩም። ዐብዱልከሪምም እያነከሰ ወረደ እንጂ ጫፍ አልደረሰም። ስሜ የትም ድንጋይ ላይ የለም። ብርዱም ይበርደኛል፤ ሲበርደኝ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። የራስ ደጀንን ጫፍ እግሬ ረግጦት አያውቅም!»