ከላይ የጠለለው መድኃኒት

ልዕልት ቁጡ ናት፤ ቁጣዋ ግን ለሰው ብላ ነው። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ፋርማሲ አብሬያት እሠራለሁና ሳልፈራ እናገራለሁ። ክኒን መዋጥ ለማይችሉ ሕፃናት የካንሰር መድኃኒት በፈሳሽ የምታዘጋጀው እሷ ናት።

ድሮ ክኒኑን በደረቁ እንወቅጠው ነበር። ብናኙ አፍንጫችን ውስጥ ይገባል። የካንሰር መድኃኒት እኮ ነው፣ ጤነኛውንም አይምርም! አንድ ቀን ዘነዘናውን ከእጄ መንጭቃ፣ «አንዱን ለማዳን ሌላውን እንግደል እንዴ?» አለችና በተዘጋ ከረጢት ውስጥ ክኒኑን በውኃ እያራሰች ከሽሮፕ ጋር ማዋሃድ ጀመረች። ጓንትና ጭምብል ያላደረገ ክፍሏን አይረግጥም። ፈሳሹ ሲቀመጥ ኃይሉ እንደማይቀንስም አስመርምራ አረጋገጠች። እንዴት ደስ አለን!

ከዚያ ኢዮስያስ መጣ፤ የትክል ድንጋይ ከተማ ልጅ፣ የደም ካንሰር ያለበት። እናቱ አገኘሁሽ ፈሳሹን ወስዳ በቀጠሮዋ ስትመለስ፣ በልጁ ደም ውስጥ ክፉው ሴል በዝቶ ተገኘ። አለቃችን አቶ አስናቀው፣ «መድኃኒቱን ውኃው ገድሎታል! ልጁ ሳይሞት ወደ ሙቀጫው ተመለሱ» አሉ።

የልዕልት ፊት በርበሬ መሰለ። «አገኘሁሽ፣ እስቲ ቤት እንደምትሰጪው አሳዪኝ» አለቻት።

አገኘሁሽ ጠርሙሱን እንዳይናወጥ ተጠንቅቃ ከዘንቢሏ አወጣች። ቀስ አድርጋ አዘንብላ ከላይ የጠለለውን ብቻ ማንኪያው ላይ ቀዳች። ነጩ ዝቃጭ ከሥር ቀረ።

«የታችኛውስ?»

«አተላውን ነው? ምነው እቴ! ለእንግዳ እንኳ ያልጠለለ ጠላ አልቀዳ፣ ለልጄ አተላ ላጠጣው?»

«ወይኔ ጉዴ!» ጮኸች ልዕልት። «አተላ ያልሽው እኮ መድኃኒቱ ነው!»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ የአገኘሁሽን ፊት ሳይ ደረቀብኝ። «እንግዲያ ልጄን ውኃ ሳጠጣው ኖርሁ?» ብላ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች።

ልዕልት አጠገቧ ተቀመጠች። «ጥፋቱ የኔ ነው እህቴ። ነቅንቂው አልኩሽ እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገርኩሽም።» ጓንት አጥልቃላት፣ ዝቃጩ ተነሥቶ ፈሳሹ ወተት እስኪመስል አብረው ነቀነቁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ልዕልት ውጤቱን ከላብራቶሪ ነጥቃ እየሮጠች መጣች፤ «ቀነሰ! ቀነሰ!» አቶ አስናቀው ሙቀጫውን ራሳቸው አንሥተው መጋዘን ከተቱት። አገኘሁሽ ማንበብ አትችልም፤ የልዕልትን ፊት አየችና ልጇን ታቅፋ እልል አለች። ሰልፍ የያዘው ሕዝብ ነገሩን ሳያውቅ እልልታውን ተቀበላት።